በመሃል የተቀመጡት

ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ምሳ ላይ፣ በየዝናና በታላቅ ወንድሟ በልሳነወርቅ መሃል አንድ ሰው ተቀምጦ ተገኘ። ሲገባ ያየው የለም፤ በሩም አልተንኳኳም። ወንድምና እህት ክርክር ሲጀምሩ በአግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ክርክሩ ሲያልቅ ሰውየው በመካከላቸው ነበረ።

ከየዝና ይረዝማል፤ ከልሳነወርቅ ያጥራል። ግንባሩ የልሳነወርቅ ግንባር ነው፣ ግን ግማሹን ያህል ብቻ የገፋ ነው። የየዝና አገጭ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ በእሱም አገጭ ላይ አለች፤ የእሱ ግን ደብዘዝ ያለች፣ ልትወጣ አስባ የተወችው ትመስላለች። ድምፁ የወንድ ይሁን የሴት ለመለየት ያስቸግራል። ወንድ ነው ብለው የተቀበሉት ሱሪ ስለለበሰ ነው።

"ምሳ ላቅርብልህ?" አለችው ትርፌ። ትርፌ ቤቱን ለብዙ ዘመን ያስተዳደረች ሴት ናት፤ እንግዳ ሲመጣ አትደነግጥም።

"ግማሽ" አለ ሰውየው።

ነገሩ የተጀመረው በራዲዮ ነው። የየዝናና የልሳነወርቅ አባት አቶ ገበየሁ ይባላሉ፤ አሰላ ከተማ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለው አሮጌ ቤታቸው ይኖራሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል። የዝና ሕፃኗ ሞቶ ባሏም ከሄደ ወዲህ አባቷ ቤት ገብታ አብራቸው ትኖራለች፣ ከዚያው ሆና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ልሳነወርቅ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ከሚስቱ ጋር በከተማው ሌላ ጫፍ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ግን ለምሳ ወደ አባቱ ይመጣል። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ፊት ለፊታቸው፣ ግድግዳውን ተደግፎ በቆመው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ የዝና በጥጉ በኩል፣ ልሳነወርቅ በበሩ በኩል። ምሳ ሲያልቅ አቶ ገበየሁ ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ። በአንዱ የሴት ልጃቸውን እጅ፣ በሌላው የወንድ ልጃቸውን እጅ ይዘው ራዲዮ ያዳምጣሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ከዚህ ሌላ የሚጠይቁት ነገር አልነበረም።

በዚያ እሑድ ራዲዮው አፋር በረሃ ውስጥ የጥንት መንጋጋ ተገኘ አለ።

"ደግሞ መንጋጋ" አለ ልሳነወርቅ። "እኔ ዕድሜዬን ድልድይ ስሠራ አንድም ድልድይ ራሱን ሲሠራ አላየሁም። የሰው ጉልበት ከድልድይ የረቀቀ ነው። ያለ ንድፍ አውጪ መጣ ይሉኛል።"

"ቀስ በቀስ ነው የመጣው ይሉሃል እንጂ ጋሼ፣ ዝም ብሎ መጣ አላሉህም።"

"እሺ፣ ቀስ በቀስ። ዓሣ ወደ የብስ ወጣ ትላላችሁ። መሃል ያለው የታለ? አሳዪኝ።"

የዝና ይህን ጥያቄ ከተማሪዎቿ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ስልኳን አውጥታ የአንድ ቅሪተ አካል ሥዕል አሳየችው። መልኩ ዓሣ ነው፤ በክንፉ ውስጥ ግን የክንድ አጥንት አለው። "ይኸው መሃሉ" አለች።

ልሳነወርቅ ሥዕሉን በጥንቃቄ አየው። ሰው ያቀረበለትን ነገር የሚንቅ ሰው አይደለም። "ጥሩ ነው" አለ። "እንግዲህ አሁን ሁለት ክፍተት አለብሽ። በዓሣውና በዚህኛው መሃል አንድ፣ በዚህኛውና በየብስ እንስሳው መሃል አንድ። እነሱንስ?"

የዝና ልትስቅ ወደ እሱ ዞር ስትል ነው ሰውየውን ያየችው።

ከምሳ በኋላ አቶ ገበየሁ እጃቸውን ዘረጉ። ግራ እጃቸው የየዝናን እጅ አገኘ። ቀኛቸው ሌላ እጅ ያዘ፣ ጥቂት ዳበሰው።

"ይሄ የማን ነው?"

"የመሃሉ ሰውዬ ነው አባባ" አለች የዝና።

"ደግ" አሉ ሽማግሌው። እጁን ግን ለቀቁት።

ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ከአግዳሚው አልተነሣም። ትርፌ ቤቱን ስትጠርግ እግሩን ያነሣላታል። ጸባዩ መልካም ነው፤ የሚያስቸግረው ንግግሩ ብቻ ነው። ስለ ማናቸውም ነገር ቢጠየቅ እውነቱ መሃል ላይ ነው ይላል። አንድ ጠዋት ትርፌ ጾም መሆኑን አውቃ የትኛው ቀን እንደሆነ ግን ጠፍቷት፣ "ዛሬ ረቡዕ ነው ዓርብ?" ብላ ጠየቀችው። "ሐሙስ" አላት። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ትርፌ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀችውም።

"ሁለት ሰው ስለተለያየ ብቻ እውነት መሃላቸው አትቀመጥም" አለችው የዝና፣ ማታ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች። "ይህ የታወቀ የአመክንዮ ሕጸጽ ነው።"

"በከፊል" አለ ሰውየው።

በሚቀጥለው እሑድ የዝና መጽሐፍ ይዛ ጠበቀች። ልሳነወርቅ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ሁለቱን ክፍተቶች ጠየቀ፤ እሷም ሁለት ቅሪተ አካሎች አሳየችው። ሁለቱም ደስ አላቸው። እሷ የተጠየቀችውን ሁሉ ስላቀረበች፣ እሱ ደግሞ አራት ክፍተት ስላገኘ። በአግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። አንዱ በየዝናና በመሃሉ ሰው መካከል ተቀመጠ፤ እሱ የመሃሉን ሰው ይመስላል፣ ግን ወደ የዝና ያደላል። ሌላው በወዲያኛው በኩል ተቀመጠ፤ እሱ ወደ ልሳነወርቅ ያደላል። ልሳነወርቅ ደግሞ ቦታ ስላጣ በሩ ደፍ ላይ ቆሞ ሻዩን ጠጣ።

ትርፌ ገመቹን አስጠራች። ገመቹ የሰፈሩ አናጢ ነው። አግዳሚውን ለካ፣ የተቀመጡትን አየ፣ በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

"እስከ የት ላድርሰው?" አለ።

"እስኪጨርሱ" አለች ትርፌ።

"መቼ ነው የሚጨርሱት?"

"እኔ ምን አውቄ? እየጠየቀ ነው፣ እየመለሰች ነው።"

ገመቹ ጣውላ ቀጠለ። አግዳሚው በረንዳውን አልፎ ወደ ግቢው ወጣ፣ ከዚያ በግቢው በር ወጥቶ መንገዱን ይዞ ወረደ። በሚከተሉት እሑዶች የዝና ብዙ ነገር አሳየች፤ ልሳነወርቅም ባሳየችው ቁጥር ክፍተቱ እጥፍ መሆኑን አስረዳት። የተቀመጡትን መቁጠር ተዉ። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይለብሳሉ። ፀሐይ ሲበረታ ግማሽ ፊታቸውን በእጃቸው ይጋርዳሉ። የመንደሩ ሰው መጀመሪያ እየቆመ ያያቸው ነበር፤ በኋላ ሰላምታ መስጠት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሰላምታው ረጅም ስለሚሆን በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ።

አንድ ቀን ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ፣ "እነዚህ የዚህ ቤት ነዋሪዎች ናቸው?" ብሎ ጠየቀ።

"የቤቱ ልጆች መሃል ናቸው" አለች ትርፌ።

ሰውየው መስመሩን በዓይኑ ተከትሎ እስከ መታጠፊያው አየና፣ "ከመታጠፊያው ወዲያ ያሉት የእኛ ቀበሌ አይደሉም" ብሎ ተመለሰ።

እህትና ወንድም ከዚያ ወዲያ አይተያዩም፤ አንዱ የሌላውን ድምፅም አይሰማም። ስለዚህ ክርክሩ በተቀመጡት በኩል ይተላለፍ ጀመር። የዝና የምትለውን አጠገቧ ላለው ትነግረዋለች። እሱ ለሚቀጥለው ይነግራል። እንዲህ እያለ ከአፍ ወደ ጆሮ ይሄዳል። ማናቸውም ሆን ብለው አያጣምሙም። እያንዳንዳቸው የሰሙትን ወደ ቀጣዩ ሰው ትንሽ ያስጠጉታል፣ ያ ብቻ ነው።

የዝና፣ "ሰውና ዝንጀሮ የጋራ የጥንት ቅድመ አያት አላቸው" አለች። ልሳነወርቅ ዘንድ የደረሰው፣ "አባባ ዝንጀሮ ናቸው" የሚል ነበር። ልሳነወርቅ፣ "በፍጥረት ውስጥ ንድፍ ይታየኛል" አለ። የዝና ዘንድ የደረሰው፣ "የማይታይሽ ዕውር ስለሆንሽ ነው" የሚል ነበር። እሷም ላልተባለው መልስ ሰጠች፤ እሱም ላልተሰጠው መልስ ተቆጣ። የዝና እንደ ማንም ሰው ትጾማለች፣ ታስቀድሳለች። በመስመሩ ጫፍ ግን የዝና የምትባል፣ አምላክ የለም ብላ በየእሑዱ የምትሳደብ ሌላ ሴት ነበረች፤ ልሳነወርቅ የሚከራከረው ከእሷ ጋር ነው። በዚህኛውም ጫፍ አንድም መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ መሐንዲስ ነበረ።

በኅዳር አጋማሽ የደረሰባት መልእክት ግን ከሁሉ የከፋ ነበር። አጠገቧ ያለው ሰው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ "ከሕፃኑ ወዲህ ከአምላክ ጋር ተጣልተሻል ይላል" አላት።

ሕፃኑ በተወለደ በሳምንቱ ነው የሞተው። ትንሿን ሣጥን ክንዱ ላይ አቅፎ እስከ መቃብር የወሰደው ልሳነወርቅ ነበር፤ ለማንም አልሰጥም ብሎ። የዝና ያንን ቀን ያለዚያ ክንድ አስባው አታውቅም። አሁን ምሳዋን ትታ ተነሣች፣ ጓዳ ገባች፣ በሩን ዘጋች። አጠገቧ ተቀምጦ የነበረው ሰው አለቀሰ፤ ግን ወደ እሷ በኩል ባለው ዓይኑ ብቻ።

ማክሰኞ ደወለችለት።

"ጋሼ፣ እንዴት እንደዚያ ትለኛለህ?"

"አንቺስ?" አለ ልሳነወርቅ። ድምፁ ደክሟል።

"እኔ ምን አልኩህ?"

"አንተ አትወልድም አልሽኝ።"

የዝና ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ልሳነወርቅና ሚስቱ ልጅ አላገኙም፤ በቤቱ ውስጥ ይህን የሚያነሣ ሰው የለም።

"ድልድይ አይወልድም ነው ያልኩት" አለች። "ድልድይን ከእንስሳ ጋር አታነጻጽር፣ ድልድይ ልጅ አይወልድም፣ የሚወልድ ነገር ግን በየትውልዱ ይለወጣል ማለቴ ነው። ስለ አንተ አንድ ቃል አልወጣኝም።"

ከወዲያ ልሳነወርቅ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማች።

"እኔ ደግሞ" አለ ልሳነወርቅ፣ "ከሕፃኑ ወዲህ ከአንቺ ጋር መጣላት አልፈልግም ነው ያልኩት።"

አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማች። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ጥቂት ስለ ሌላ ነገር አወሩ፤ ስለ አባታቸው ሳል፣ ስለ ሚስቱ የወገብ ሕመም። ልክ እንደ ድሮው ነበር።

"እንተወው ጋሼ" አለች የዝና። "አትጠይቀኝ። እኔም አልመልስ።"

"እንተወው። ምን ያደርግልናል።" ጥቂት አሰበ። "ብቻ፣ ካልጠየቅሁ ተቀብያለሁ ማለት እንዳይሆን።"

"አይሆንም። ወይ ይሄ ወይ ያ ብቻ ነው ያለው ማነው? በመጠየቅና በመቀበል መሃል ብዙ ነገር አለ።"

"ምን አለ?" አለ ልሳነወርቅ። "እስቲ አሳዪኝ።"

የዝና ይህን ጥያቄ አውቃዋለች። አፏን መዝጋት ትችል ነበር፤ በኋላም ትችል እንደነበር ደጋግማ አስባለች። ግን መልሱ ጥሩ መልስ ነበር፤ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

"ለምሳሌ..." አለች።

ከደጅ የአግዳሚው ጣውላ ሲንቋቋ ሰማች።

በዚያው ሳምንት አግዳሚው የልሳነወርቅ ቤት በር ድረስ ደረሰ። እሑድ ዕለት ልሳነወርቅ መምጣት አላስፈለገውም፤ ከበሩ ወጥቶ ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሑድ አግዳሚው ቤቱን አልፎ ሄደ። አባቱ ጋ ምሳ ለመብላት ጀርባውን ለአባቱ ቤት ሰጥቶ በእግሩ ሄደ። ሚስቱ ምሳ ዕቃ አስይዛው ነበር። ከዚያ ወዲያ ገመቹ የከተማውን ጣውላ ጨርሶ ባሕር ዛፍ ይቆርጥ ጀመር፤ መስመሩ የገብስ እርሻውን ይዞ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ አቀና። ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። መጨረሻ ላይ ልሳነወርቅ ማታ ማታ መመለሱን ተወ፤ መንገዱ ስለረዘመ።

በታኅሣሥ አቶ ገበየሁ ታመሙ። ሳሉ ወደ ደረታቸው ወረደ። ወደ አልጋ እንዲገቡ ቢለመኑ ወንበሬ ላይ ይሻለኛል አሉ፤ ጋቢ ተደርቦላቸው እዚያው ተቀመጡ።

"ልሳነወርቅ የት አለ?" አሉ።

"ከወዲያ ነው አባባ። በጫፉ በኩል።"

"ልንካው" አሉ አቶ ገበየሁ። "የሁለታችሁንም እጅ ልያዝ። ክርክሩን ሰምቻለሁ፤ ጥሩ ነው። አሁን እጃችሁን ስጡኝ።"

የዝና ደወለች፤ አልተነሣም። ትርፌን አባቷ ዘንድ ትታ ተነሣች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ በአግዳሚው ፊት ለፊት በእግሯ መሄድ ጀመረች። ጠዋት ነበር።

መጀመሪያ ያሉትን ታውቃቸዋለች። እሷን ይመስላሉ፤ ስታልፍ እሷ ራሷ በምትስቅበት አሳሳቅ ይስቁላታል። ከግቢው በር ወዲያ አገጫቸው ላይ ያለችው ነጥብ መደብዘዝ ጀመረች። ከመታጠፊያው ወዲያ ነጥቧ ጠፋች። የዝና ቆመች። የት ላይ እንደጠፋች ለማወቅ ወደ ኋላ ተመልሳ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ጎን ለጎን ከተቀመጡት ማንኛዎቹንም ሁለት ብታስተያይ ልዩነት የላቸውም። ትታው ሄደች።

የልሳነወርቅን ቤት አለፈች። ሚስቱ መስኮት ላይ ቆማ እጇን አነሣችላት። መስመሩ የገብሱ እርሻ ውስጥ ሲገባ ግንባራቸው ገፍቷል፣ ትከሻቸው ሰፍቷል። እርምጃዋን አፈጠነች፤ ሁሉም ወንድሟን ይመስላሉ።

"ጋሼ?" አለች ለአንዱ።

"ገና" አለ። "ትንሽ ወደዚያ።"

ትንሽ ወደዚያ ሄደች። ኮቱ የልሳነወርቅ ኮት ነው፤ የእጁ ጠባሳ የልሳነወርቅ ጠባሳ ነው።

"ጋሼ?"

"ገና ነኝ። ትንሽ ወደዚያ።"

ሜዳው ላይ ቆማ ስልኳን አወጣችና ደወለች። በመስመሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ፤ በቅርብ ያሉት ቀስ ብለው፣ ራቅ ያሉት ቶሎ ብለው። አንድ ሰው አነሣው።

"ሃሎ" አለ የወንድሟ ድምፅ።

"ጋሼ! አንተ ነህ?"

"በአብዛኛው" አለ ድምፁ።

"አባባ ታመዋል። እጅህን ሊይዙ ይፈልጋሉ። የት ነህ?"

"አጠገቤ ያለው ያውቃል" አለ። ስልኩም ተዘጋ።

የዝና ፀሐይ አናቷ ላይ እስክትደርስ ሄደች። ሁሉም ልሳነወርቅ ነበሩ፤ ማንኛቸውም እኔ ነኝ አላሉም። የመጨረሻውን ለማየት በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ወደ ተራራው ተመለከተች። መስመሩ ዳገቱን ይዞ ወጥቶ በጉም ውስጥ ይገባል። አባቷን አሰበችና ተመለሰች፤ ስትመለስ በፍጥነት ነው፣ አንዳንዴም እየሮጠች። ፊቶቹ ከወንድሟ ወደ እሷ እየተለወጡ ሸኟት።

ቤት ስትደርስ አባቷ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ትርፌ ጓዳ ውስጥ ውኃ ታሞቃለች። በግድግዳው ጥግ፣ የየዝና ቦታ ላይ፣ አጠገቧ ይቀመጥ የነበረው ሰው ሸርተት ብሎ ተቀምጧል። አቶ ገበየሁ እጁን ይዘውታል።

"እጅሽ ዛሬ ትንሽ ሻከረ የዝናዬ" ይሉታል።

"ትንሽ" ይላል እሱ።

"አባባ፣ እኔ አሁን ነው የመጣሁት" አለች የዝና። ድምፅዋ ከሩጫው የተነሣ ተቆራረጠ። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ፣ መልሰው ወደያዙት እጅ አዞሩ። እጁን አልለቀቁትም።

የዝና ለመጨቃጨቅ አቅም አልነበራትም።

"ጠጋ በልልኝ" አለችው ሰውየውን።

ሰውየው ጠጋ አለላት። ቀጥሎ ያለው ለእሱ ጠጋ አለ፤ ከዚያም የሚቀጥለው። የዝና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፣ ያንን እጅ ከአባቷ እጅ ቀስ ብላ አውጥታ የራሷን አስገባች። መጠጋጋቱ በአግዳሚው ላይ ተያይዞ ሲሄድ ትሰማዋለች፤ በበረንዳው አለፈ፣ በግቢው በር ወጣ፣ መታጠፊያውን ዞረ። ጣውላው በየተራ ይንቋቋል፣ እየራቀ፣ እየቀጠነ። በእርሻው ውስጥ ሲያልፍ የገብሱ ወፎች ተነሡ። ከዚያ ዳገቱን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልተሰማም። አባቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሱ። መስኮቱ ላይ ብርሃኑ ቀላ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ በጣም ከሩቅ፣ ከተራራው በኩል፣ አንድ ሰው ከአግዳሚ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ።

አቶ ገበየሁ ቀና አሉ።

"ማነው የወደቀው?" አሉ።

የዝና አልመለሰችም። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ጥያቄውን በጥሞና ሰማ፣ ወደ ቀጣዩ ጆሮ ጎንበስ አለና አንሾካሾከ። ቀጣዩም ወደሚቀጥለው ጎንበስ አለ። በበሩ ክፍት በኩል ይታያል፤ ጭንቅላቶች አንድ በአንድ ይዘነበላሉ፣ አንድ በአንድ ይቃናሉ፣ በግቢው፣ በመንገዱ ላይ፣ በሚመሸው ሜዳ ውስጥ፣ ወደ ጉሙ።